የማይለቀው እድፍ

መስታወት የሚታጠብ ቀን ጋሽ ጥጥ ቀበቶውን ይፈታል።

ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ሳቁን መያዝ አይችልም። ጢሙ ሽበት የቀላቀለ፣ ልጆቹን ድሮ የዳረ ጎልማሳ በር ላይ ቆሞ ቀበቶውን ይፈታል፤ ሰዓቱን ያወልቃል፤ የጋብቻ ቀለበቱን በሳሙና እያሟለጨ ያወጣል፤ ኪሱን አንድ በአንድ ይገለብጣል፤ ከዚያ ሱሪውን በጨርቅ ማሰሪያ ሸብ አድርጎ ይገባል። "ምን ነካው ሰውዬው?" ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ካለ መልሱ አጭር ነው። "ብረት እዚህ አይገባም" ይለዋል፣ ፊቱን እንኳን ሳያዞር። እውነቱን ነው። አንድ የቀበቶ ዘለበት ያንን መስታወት ጫር ካደረገው አለቀ፣ የሚመልሰው የለም።

መስታወቱን የመታጠቢያ ቤት መስታወት አድርጋችሁ እንዳታስቡት። ተራራው ላይ ያለው የሰማይ ምርምር ጣቢያ ቴሌስኮፕ ልብ እሱ ነው። ከባለትዳር አልጋ ይሰፋል፣ እንደ ሳህን ወደ መሃል ጎድጎድ ብሏል። ፊቱ ላይ የተለበጠችው አሉሚኒየም ከመሳሳቷ የተነሳ በጣት ቢነኳት ታኮርፋለች። ከዋክብት የላኩትን ብርሃን ሰብስቦ ለካሜራው የሚያቀብለው ይሄው መስታወት ነው። ታዲያ ቴሌስኮፑን የሸፈነው ጉልላት መስኮት በተከፈተ ቁጥር አቧራው፣ የአበባ ብናኙ፣ የነፍሳቱ ክንፍ ሳይቀር ይረግፍበታል። ስለዚህ በየመንፈቁ ቀን በፀሐይ ቴሌስኮፑ ወደ ጎን ዘንበል ይደረግና ጋሽ ጥጥ ያጥበዋል። በተጣራ ውሃ ያለቀልቀዋል፣ ለስላሳ ሳሙና ያወርድበታል፣ ከዚያ ጥጡን ከላይ ወደ ታች ይጎትታል። ይጎትታል ነው ያልኩት፤ አይጫንም። ጥጡ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። አንዴ ወርዶ የተነሳ ጥጥ ደግሞ ተመልሶ መስታወቱን አይነካም፣ ይጣላል። በአንድ እጥበት የሚጣለው ጥጥ ፍራሽ ይሞላል፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናቸው እየተባለ ይቀለድበታል።

ጋሽ ጥጥ ዱሮ ከሰማይ ጋር ምንም አልነበረውም። ወጣት ሳለ ከተማ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ የሕንፃ መስኮት ያጥብ ነበር። አንድ ቀን የምርምር ጣቢያውን መስኮቶች እንዲያጥብ ተጠርቶ ተራራው ላይ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። የዚያን ጊዜው መስታወት አጣቢ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከኋላው ቆሞ ሲያይ ቆየና "አንተ፣ መስኮቱን የሚያመው ይመስልሃል እንዴ፣ እንዲህ የምታባብለው?" አለው። በማግስቱ እጁን ይዞ ጉልላቱ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ዶክተር መጥቶ ሄደ፣ ስንቱ ኃላፊ ተቀያየረ፤ መስታወቱን የሚነካው እጅ ግን የእሱ ብቻ ነው። ይኮራበታል። ለምን አይኮራ!

ክፋቱ ዓይኑ ከዳው። መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው ጭጋግ ለበሰ። አምፖል ዙሪያ ጉም ይታየዋል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣበት ዓለሙ ሁሉ ነጭ ይሆንበታል። የዓይን ሞራ መሆኑን ልቡ ያውቀዋል፤ እናቱንም እንዲሁ ነው የጀመራት፣ ስትሞት በሰው እጅ እየተመራች ነበር። ሐኪም ቤት ግን ዝር አላለም። ሐኪም ካየው ወሬው ይወጣል፣ ወሬው ከወጣ ጣቢያው ይሰማል፣ ጣቢያው ከሰማ ደግሞ ያንን የመሰለ ዕቃ ዓይኑ ለደከመ ሰው ማን ይሰጣል? ስለዚህ ዝም። ለሚስቱም ዝም።

"ታዲያ ሳያይ እንዴት ያጥባል?" ትሉኝ ይሆናል። ብልሃት አለዋ! ብልሃቱ ሾፌሩ ነው።

ሾፌሩን ሙሽራው ይሉታል። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ማበጠሪያው ከኪሱ የማይለይ ሰው ነው። ሲስቅ እንኳን አፉን በእጁ ከለል አድርጎ ነው፣ እንደ አዲስ ሙሽራ። ከጋሽ ጥጥ ጋር በአንድ ሰሞን ነው የተቀጠሩት፤ ሲሰዳደቡ ይውላሉ፣ ምሳ ሲደርስ አንዱ ያለ ሌላው አይቀርብም። ጭጋጉ የጀመረው ሰሞን ጋሽ ጥጥ መስታወቱን አጥቦ ሲጨርስ፣ ንጹሕ መሆኑ አላስተማምን አለውና እንደ ቀልድ "ና እስቲ ሙሽራው፣ ጥርስህን እይበት" አለው። መስታወቱ ጎድጓዳ ስለሆነ ፊትን አግዝፎ ያሳያል። ሙሽራው ቁልፉንና ቀበቶውን በር ላይ ትቶ ገባ። ራቅ ብሎ ቆመና ፊቱን ከዳር እስከ ዳር እያዘዋወረ አየ። "እዚች ጋ ጉንጬን አደበዘዘችብኝ" አለ። ጋሽ ጥጥ እዚያችን ቦታ እንደገና አለቀለቃት።

በዚያው ልማድ ሆነ። ከእጥበት በኋላ ሙሽራው ይጠራል፣ ጎንበስ ቀና ይላል፣ ግራ ቀኝ ይላል፣ መሰላል ላይ ወጥቶም ያያል። "ግንባሬ ላይ ጉም አለ" ይላል፤ ይታጠባል። "ለአንድ አፍ ይሄን ያህል ጊዜ!" እያለ ጋሽ ጥጥ ይሰድበዋል። በሆዱ ግን "ተመስገን፣ ይሄን ሰው እንዲህ ቁንን አድርጎ ባይፈጥረው ምን ይውጠኝ ነበር?" ይላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ኑሮው ቀጥሎ ሳለ አዲሱ ካሜራ መጣ።

የጣቢያው ኃላፊ ለዚህ ካሜራ ያልጠናው ደጅ የለም። ደብዛዛ ነገርን በማየት አቻ የለውም ተብሎለታል። ተገጠመ። በዚያው ሳምንት መስታወቱም ታጥቦ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ሲወጡ በአንደኛው የሰማይ ክፍል ላይ እድፍ ተገኘ፤ ወተት ተደፍቶ በችኮላ የተጠረገ የሚመስል፣ ክር ክር ያለ ነጭ ነገር። እንግዲህ ፍረዱኝ። በስንት ልመና የመጣን ካሜራ ማን ደፍሮ ይጠረጥራል? ሁሉም ዞሮ ጋሽ ጥጥን አየው።

ኃላፊው ቢሮ አስጠራውና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረለት። "ይታይዎታል?" አለው።

ጋሽ ጥጥ ጎንበስ አለ። የሚታየው የስክሪኑ ነጸብራቅ ብቻ ነው፣ ነጭ በነጭ። "አዎ፣ ይታየኛል" አለ። ዋሸ! ያላየውን እድፍ የራሴ ነው ብሎ ተቀበለ።

"ቅባት ቀርቶበት ይሆናል" አለ ኃላፊው። "መስታወት ላይ ቅባት ካለ የደማቅ ኮከብ ብርሃን ይበትንና እንዲህ ያለ ነገር ያመጣል። ምንም አይደለም ጋሼ፣ ማንም ይሳሳታል። አንዴ ይድገሙት።"

ቢቆጣው ይሻለው ነበር። እንዲህ ለስለስ ብሎ መናገሩ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ሄዶ ደገመው። ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ ጥጡን እንደ ላባ እያንሳፈፈ ደገመው። ሙሽራውም ተጠርቶ ጥርሱን ሲያይ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ቆየ። "ጥርት ብያለሁ፣ ልዳር እችላለሁ" አለ። አዲስ ሥዕል ተነሳ። እድፉ እዚያው ነው። አንዲት ክር አልጎደለችም።

አሁን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ሥዕሎቹን የሚጋራው የሩቅ ዩኒቨርሲቲ እየደወለ ኃላፊውን ወጥሮ ያዘ። ኃላፊው ጋሽ ጥጥን ደግሞ አስጠራውና የአሉሚኒየሙ ልባስ ተጎድቶ እንደሆነ መስታወቱ ወርዶ እንደ አዲስ መለበጥ እንዳለበት፣ ጣቢያውም ለወራት እንደሚዘጋ ነገረው። "ከከተማ በማሽን የሚያጥብ ድርጅት አነጋግሬያለሁ" አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ። "እርስዎም ብዙ ደክመዋል፤ ያርፋሉ።"

ያርፋሉ! ጋሽ ጥጥ ከቢሮው ወጥቶ ኮሪደሩን በግድግዳው ተደግፎ ነው ያለፈው። ከሥራ መውጣቱ ሳይሆን አንጀቱን የበላው ሌላ ነው። በእጄ አበላሸሁት ብሎ አመነ። ሳላይ ተጭኜዋለሁ፣ ሳላይ ጭሬዋለሁ፣ ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር፣ እያለ ራሱን ይከሳል። ዕድሜ ልኩን ያባበለው መስታወት በእሱ ድብቅነት ጠፋ ማለት ነው።

ቤት ገብቶ ከሚስቱ የስፌት መኪና አጠገብ ቁጭ አለ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንደኛው ክፍላቸው በሰው ቀሚስና በቁርጥራጭ ጨርቅ የተሞላ ነው። ድሮ ክር በመርፌ የሚያስገባላት እሱ ነበር። "ያንተ ዓይን እኮ ጉንዳን ያነብባል" ትለው ነበር። ከጊዜ በኋላ መጠየቁን ተወችው፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ራሷ ትታገላለች። ለምን እንደተወችው አስቦበትም አያውቅም።

"ምነው ጠቆርክ?" አለችው።

"ደክሞኝ ነው።"

"ደክሞኝ ነው፣ ደክሞኝ ነው። አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እውነቱን ንገረኝና ልደንግጥ።"

ሊነግራት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ተነስቶ ተኛ። እንቅልፍ ግን የት አባቱ።

ጠዋት አንድ የማይረባ ሐሳብ ይዞ ተነሳ። ቅባት ነው ካሉ ቅባት የሚያስለቅቅ ነገር አለ፤ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ጥላሸት የሚያጥቡበት ፈሳሽ። ማንም መስታወት አጣቢ በጤናው እያለ ይሄን አያስብም። ያ ፈሳሽ እድፉን ቢወስድ አሉሚኒየሙንም ገፎ ነው የሚሄደው። ይሄን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ግን ማነው? እያወቀ ነው የሄደው። ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ነው። "ማሽኑ መጥቶ ከሚያዋርደኝ አንዴ ልሞክር" አለና ቀበቶውን ፈቶ፣ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ገባ። ጥጡን ነከረ።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?"

ዶክተሯ ናት። ጣቢያው ከገባች ገና ብዙም አልቆየች፤ ብርድ ስለማትችል ሁለት ሹራብ ደርባ የምትዞር፣ ኪሷ ከኦቾሎኒ የማይለይ ወጣት ተመራማሪ። ጉልላቱ በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን ይዛለች።

"ቅባት ማስለቀቂያ ነው" አለ ጋሽ ጥጥ። "አንዴ ብቻ ልሞክር ልጄ። እኔ ያመጣሁትን እኔው ላንሳው።"

"ኧረ በማርያም! ያስቀምጡት!" ብላ ጮኸች። ሮጣ መጥታ ጥጡን ከእጁ ነጠቀችው። ጀሪካኑን ደጅ አውጥታ ተመለሰችና አጠገቡ መሰላሉ ላይ ተቀመጠች። "እኔ እኮ እድፉ መስታወቱ ላይ አይመስለኝም" አለችው።

"የት ሊሆን ነው ታዲያ?"

"ሰማይ ላይ።"

ጋሽ ጥጥ የምታጽናናው መሰለው። እሷ ግን የጉልላቱን መስኮት በማብሪያ ማጥፊያው ጠባብ አድርጋ ከፈተችው። የፀሐይ ጨረር እንደ ጣውላ ሆኖ ጨለማው መሃል ገባ። ጋሽ ጥጥ በደበዘዘ ዓይኑ እንኳን ብርሃኑን አየው።

"ይሄ ጨረር እኮ ወደ እርስዎ አይደለም የሚሄደው፣ ወደ ወለሉ ነው" አለች። "ታዲያ ከጎን ሆነው እንዴት አዩት? አየሩ ላይ አቧራ ስላለ ነው። ብናኙ ብርሃኑን እየመታ ይበትነዋል፣ የተበተነው ወደ ዓይንዎ ይመጣል። በከዋክብት መሃልም እንዲሁ አቧራ አለ። ደመና ደመና ሆኖ የሚንሳፈፍ፣ ከጭስ የደቀቀ። የከዋክብት ብርሃን ሲያርፍበት ይበትነውና እንደ ጉም ይታያል። የድሮው ካሜራ ያን ያህል ደብዛዛ ነገር ማየት አይችልም ነበር። አዲሱ አየው።"

"ለኃላፊው ነግረሽዋል?"

"ነግሬዋለሁ። ማስረጃ አምጪ አለኝ፤ እውነቱን ነው። ከሥዕሉ ጎን አንድ ደማቅ ኮከብ ስላለ የእሱ ብርሃን ቅባት ላይ ተበትኖ ቢሆንስ ይላል። ሁለቱ በዓይን አይለዩም።" ኦቾሎኒ አወጣችና ዘገነችለት። "በሙቀት ግን ይለያሉ።"

"ደግሞ ሙቀት ከየት መጣ?"

"ካውያ ነቅለው ያውቃሉ? አይበራም፣ ግን እጅዎን ቢያስጠጉ ሙቀቱ ይሰማዎታል። ያም ብርሃን ነው፣ ዓይናችን የማያየው። ኢንፍራሬድ ይሉታል። አቧራው የደረሰውን የከዋክብት ብርሃን ሁሉ አይበትንም፤ ከፊሉን ይውጠዋል። ሲውጠው ይሞቃል። ሲሞቅ ደግሞ በኢንፍራሬድ መልሶ ይተፋዋል። ሙቀት ስል ግን ከበረዶ እጅግ የቀዘቀዘ ነው።"

"ከበረዶ የቀዘቀዘ ነገር ምኑ ሞቀ?" አለ ጋሽ ጥጥ፣ ሳያስበው ፈገግ ብሎ።

"ዙሪያው ያለው ባዶ ሰማይ ከእሱም ስለሚብስ ነዋ! ከዓመታት በፊት ሳተላይት ላይ ያለ ቴሌስኮፕ መላውን ሰማይ በኢንፍራሬድ አንስቶታል። ካርታው አለ። እድፉ አቧራ ከሆነ እዚያም ላይ እንደዚሁ ክር ክር ብሎ ይገኛል። የእርስዎ ቅባት ከሆነ ግን አይገኝም፤ ሳተላይቷን መቼም እርስዎ አላጠቧትም!"

ጋሽ ጥጥ ሳቀ። ብዙ ቀን ሆኖታል ከሳቀ። ዶክተሯ ሥዕሉንና ካርታውን በልክ ለማጋጠም ጥቂት ቀን እንደሚፈጅባት ነገረችውና "እስከዚያ ይቺን ጥጥ አይንኳት፣ ቃል ይግቡልኝ" አለችው። ገባላት።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፋቸው እሱ ነው የሚያውቀው። ኮሪደሩን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ አለበት። ዶክተሯ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ለማንበብ ይሞክራል፣ ፊቷ ደግሞ አይታየውም። ሙሽራው መኪናውን እየወለወለ "ምን እንደ ወላድ ባል ትንቆራጠጣለህ?" ይለዋል፤ እሱም ራሱ ግን ያንኑ አንድ በር ከጠዋት ጀምሮ እየወለወለ ነው።

በመጨረሻ ሁሉም ኮምፒውተር ክፍል ተጠሩ። ኃላፊው መጣ፣ ሠራተኛው መጣ፣ ሙሽራው በሩን ተደግፎ ቆመ። ዶክተሯ በአንድ በኩል የጣቢያውን ሥዕል፣ በሌላ በኩል የሳተላይቱን ካርታ አደረገች። ከዚያ ካርታውን በቀይ ቀለም ቀብታ ሥዕሉ ላይ አስተኛችው።

አንድ ሰው "ጉድ!" አለ። ክሩ በክር ላይ፣ እጥፉ በእጥፍ ላይ ነበር የተኛው። አቧራው በወፈረበት ሙቀቱም ደምቋል፣ በሳሳበት ሙቀቱም ፈዝዟል። አንዱ ለሌላው ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ዶክተሯ የመስታወቱንም አንጸባራቂነት በመሣሪያ ለክታው ነበር። "ከተለበጠ ጀምሮ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም" አለች።

ኃላፊው ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል። ሰው በተሰበሰበበት ወደ ጋሽ ጥጥ ሄዶ እጁን ያዘው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ" አለ። "ድርጅቱን ዛሬውኑ እሰርዛለሁ። ጡረታዎ እስኪደርስ መስታወቱ የእርስዎ ነው። ማንም አይነካብዎትም።"

ጭብጨባው ቀለጠ። ጋሽ ጥጥ እፎይ አለ። ስሙ ነጻ ወጣ፣ መስታወቱ ተረፈ፣ ሥራው ተመለሰ። ምን ቀረው? ዶክተሯ በደስታ ክንዱን ይዛ ወደ ስክሪኑ አስጠጋችው።

"ይኸውልዎት፣ የእርስዎ እድፍ! ይታይዎታል?"

ነጭ በነጭ። ያው ጭጋግ። "አዎ" ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር! አንዲት ቃል ናት፤ ከዚህ በፊትም ብሏታል። ግን ያቺ ጥጥ ትዝ አለችው፣ በዚያ መርዝ የተነከረችው። አንድ ጊዜ ውሸት እዚያ ድረስ ወስዶታል።

"አይታየኝም" አለ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

"ያን ቀን ቢሮም አልታየኝም። ይታየኛል ያልኩት ውሸቴን ነው። ዓይኔ ሞራ ለብሷል፤ ቆይቷል። ደበቅኋችሁ።" ፊቱን ወደ ኃላፊው አዞረ። "መስታወቱን የምታወጡት ከእኔ እጅ ከሆነ ዛሬ አውጡት። ነገ በእውነት አበላሽቼው ከምታወጡት።"

ኃላፊው "ታዲያ ንጹሕ መሆኑን በምን ነበር የሚያውቁት?" አለ።

"በሙሽራው ጥርስ" አለ ጋሽ ጥጥ፣ አንገቱን ደፍቶ። "አጥቤ ስጨርስ እጠራዋለሁ። ጥርሱን ሲያይ እዚህ ደበዘዘ፣ እዚያ ደበዘዘ ይላል፤ እኔ አጥባለሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሙሽራው ብቻ አልሳቀም፤ አፉን በእጁ ከልሎ የጫማውን ጫፍ ያያል።

ኃላፊው ዓይኑን ጠረገና ኮስተር አለ። "ስሙኝ ጋሼ። በዚህ ዓይን ከዛሬ በኋላ መሰላል አይወጡም። ሞራ እኮ ይገፈፋል፣ የድሮው ዘመን አይደለም። ይታከሙ፣ ይዳኑ፣ ይመለሱ። መስታወቱ እስኪመለሱ ይጠብቃል።"

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ትጮኽብኛለች ብሎ ነበር። ጨርቋን አስቀምጣ "እሰይ፣ አፍህ ተፈታልኝ" ብላ አቀፈችው።

ሐኪም ቤት ያመላለሰው ሙሽራው ነው፤ እንደ እንቁላል ተሸክሞ ነው የነዳው። ቀኝ ዓይኑ ተሠራ፣ ከወራት በኋላ ግራው። ፋሻው የተነሳ ዕለት ቤቱ ገብቶ አንድ ቃል ሳይናገር ከሚስቱ እጅ መርፌውንና ክሩን ተቀበለ። በአንዴ አስገባው። ሚስቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ለምን ነበር መጠየቁን የተውሽው?" አላት።

"አቅቶህ እንዳታፍር ብዬ ነዋ፣ አንተ ጅል።"

አውቃ ኖሯል! ያን ሁሉ ጊዜ በመነጽር እየታገለች እሱን ከማፈር ታድነው ነበር። ሌላ መርፌ አነሳ፤ ቤት ውስጥ ያለውን መርፌ ሁሉ ክር አስገባበት።

ሥራ የተመለሰ ዕለት ዶክተሯ የእድፉን ሥዕል አሳትማ የጉልላቱ በር ላይ ሰቅላው አገኘ። ቀረብ ብሎ አየው። ስስ ነጭ ክሮች በጥቁሩ ሰማይ ላይ ይጎተታሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ ይበተናሉ፤ ከኋላቸው ከዋክብት ያሾልካሉ። "ውይ!" አለ፣ ጭንቅላቱን ይዞ። "ይሄን ነው እንዴ ላጥበው የነበረው?"

ከዚያ ቀበቶውን ፈታ፣ ቀለበቱን አወጣ፣ ገባ። ያን ቀን ሲያጥብ እያንዳንዷን ጠብታ አያት። ውሃው የት እንደሚንሸራተት፣ የት እንደሚያመነታ ሁሉ ያያል። ሲጨርስ የሚጠይቀው ሰው አላስፈለገውም። ግን ልማድ ነውና በሩን ገፋ አድርጎ ተጣራ።

"ና ሙሽራው፣ ጥርስህን እይበት!"

"ዛሬማ ምን አደርግልሃለሁ? ራስህ ታየው የለ?" አለ ሙሽራው፣ ወደ ኋላ እያለ።

"ና ስልህ! ለቁንጅናህ ነው።"

ሙሽራው ቀበቶውን ፈቶ እየተጎተተ መጣ፤ መስታወቱ ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ። መስታወቱ አፉን እንደ በር አግዝፎ አሳየው። ጋሽ ጥጥ ከጎኑ ሆኖ አየ። በግራ በኩል፣ ከላይ፣ ጥርስ የለም። አንድም ሁለትም አይደለም፤ ድዱ ሜዳ ነው።

"እነዚህ ጥርሶችህ የት ሄዱ?"

"ሐኪሙ ነቀላቸው።"

"መቼ?"

"ኧረ ቆይቷል። ያንተ ዓይን ሳይደበዝዝ በፊት ነው።"

ጋሽ ጥጥ ወደ እሱ ዞረ። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን እዚህ ቆመህ የትኛውን ጥርስ ነበር የምታየው?"

ሙሽራው እንደ ልማዱ እጁን ወደ አፉ ወሰደ፤ ከዚያ መልሶ አወረደው።

"ጥርስ ማን አየ?" አለ። "መስታወቱን ነበር የማየው። አንተ ሰው 'እይልኝ' ከማለት ሞትህን ትመርጣለህ፤ እኔ ምን ላድርግ?"

ጋሽ ጥጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። ሳይደብቅ፣ ትከሻው እየተነቀነቀ አለቀሰ።

"ኧረ ባክህ ራቅ ብለህ አልቅስ" አለው ሙሽራው። "መስታወቱ ላይ ይነጥባል፣ አሁን ነው የታጠበው።"

ጋሽ ጥጥ ከቅርጫቱ አንድ ንጹሕ ጥጥ አንስቶ ዓይኑን ጠረገበት። የጠረገበትንም ጥጥ እንደ ደንቡ ጣለው።